የሞዴል መሥሪያ ዕቃን እቤት መሥራት፦ የሚባለውና እውነታው

ሞዴል ስል የሕንፃውንም የመኪናውንም ማለቴ ነው። ለጁሪ (መምህራን ሥራችሁን ለሚመዝኑበት መድረክ) ሞዴል የምትሠሩ የአርክቴክቸር ተማሪዎች አላችሁ። እንደኔ በትርፍ ሰዓታችሁ የድሮዋን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ አሳንሳችሁ ለመሥራት የምትታገሉም ትኖራላችሁ። ሁላችንም የምንሰማው ወሬ አንድ ነው። «መሣሪያው እዚህ የለም፤ ካላስመጣህ አይሆንም» ይባላል። ይህን ሰምቶ ገና ሳይጀምር የሚተው ልጅ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ አብዛኛው መሣሪያ እቤት ይሠራልና። በሌላ በኩል «ቤት ውስጥ ነው እኮ» ብሎ እንደ ነገሩ የሚሠራና ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥ አለ። ሁለቱም ወገን የያዘውን የተሳሳተ ሐሳብ አንድ በአንድ እንየው።

«እቤት የተሠራ መሣሪያ ልክ አይጠብቅም»

ላዳ 2101 ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ገደማ ነው። በ1፡24 ስኬል፣ ማለትም 24 ጊዜ አንሳ ስትሠራ 17 ሴንቲ ትሆናለች። እዚህ ላይ 1 ሚሊ መሳሳት በእውነተኛዋ መኪና ላይ 2.4 ሴንቲ መሳሳት ነው። በሩ አይገጥምም። ስለዚህ የልክ ጉዳይ የእውነት ያስጨንቃል። ችግሩ ልክ ከዋጋ ጋር ይመጣል ብሎ ማሰቡ ነው።

ልክ የሚመጣው ለጥ ካለ መደብ፣ ከትክክለኛ 90 ዲግሪ እና ከማስቆሚያ ነው። ለመደቡ መስታወት ቤት ሄዳችሁ የ6 ሚሊ ቁራጭ ጠይቁ፤ ጠርዙንም እንዲሞርዱላችሁ ንገሯቸው። ዛሬ የምንጠቀምበት የመስኮት መስታወት የሚሠራው ቲን በሚባል የቀለጠ ብረት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ለዚህ ነው እንዲያ ለጥ ያለው። የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁበት የሞዴል ክፍል ብታሹበት ፊቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ማስቆሚያው ደግሞ እንዲህ ነው። ለአንድ ሕንፃ ሞዴል 8 ሚሊ ስፋት ያላቸው ብዙ የፕላስቲክ ቁራጮች ያስፈልጓችኋል እንበል። እያንዳንዱን በማስመሪያ ለክታችሁ በእርሳስ ብታሰምሩ፣ የእርሳሱ መስመር ራሱ ግማሽ ሚሊ ይወፍራል። አንዱ ከመስመሩ ውስጥ፣ ሌላው ከመስመሩ ውጭ ይቆረጣል። በዚህ ፈንታ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቁራጭ ላይ አንድ የአሉሚኒየም አንግል በቡሎን እሰሩ። ከእሱ በ8 ሚሊ ርቀት ላይ የካተሩ መምሪያ ይቀመጥ። ፕላስቲኩን ገፍታችሁ አንግሉን ስታስነኩት ትቆርጣላችሁ። የምትለኩት አንዴ ብቻ ነው። የተሳሳታችሁ እንኳ ቢሆን ሁሉም እኩል ይሳሳታል፤ እኩል የሆነ ስህተት ደግሞ ለማረም ቀላል ነው።

ስኳድራችሁ (የ90 ዲግሪ ማስመሪያችሁ) ትክክል መሆኑን ለማወቅም ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ በስል ምላጭ 20 ሴንቲ መስመር ጫሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጡና ከዚያው ነጥብ ተነስታችሁ ሌላ መስመር ጫሩ። ሁለቱ ከተደራረቡ ስኳድራው ደህና ነው። ጫፋቸው ላይ 1 ሚሊ ከተለያዩ ስኳድራው በ20 ሴንቲ ላይ ግማሽ ሚሊ ይዋሻል ማለት ነው፤ መገልበጡ ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ። ከውጭ የመጣ ውድ ስኳድራም ይህን ፈተና ይውሰድ። የሚወድቅ ሊኖር ይችላል።

«የብርጭቆ ወረቀቱ የሞዴል ተብሎ የተሸጠ መሆን አለበት»

አይደለም። መኪና ቀለም የሚቀቡ ጋራዦች የሚጠቀሙበት የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ያው ነው፤ 400፣ 800፣ 1000፣ 2000 ቁጥር ሁሉም ይገኛል። በአይስክሬም እንጨት ላይ በሁለት ፊት ማጣበቂያ ለጥፉት። አንዱን ጠርዝ ግን ባዶ ተዉት፤ ማዕዘን ውስጥ ስትሞርዱ የጎኑን ግድግዳ እንዳይበላው።

«ማንኛውም ቀጭን ሽቦ ፎም ይቆርጣል»

የጋለ ሽቦ ፎም መቁረጫ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ብዙ የተሳሳተ ምክር ያለውም እሱ ላይ ነው።

የመዳብ ሽቦ አይሆንም። 0.3 ሚሊ ውፍረትና 30 ሴንቲ ርዝመት ያለው መዳብ ሬዚስታንሱ ከ0.1 ኦም በታች ነው። 12 ቮልት ላይ ስታያይዙት ሾርት ከማድረግ አይለይም። ያው መጠን ያለው ኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሽቦ) ግን 4.6 ኦም ገደማ አለው። 2.6 አምፔር ይስባል፤ 31 ዋት ይሆናል። ኒክሮም ከተበላሸ የፀጉር ማድረቂያ ውስጥ ይወጣል። የምጣድ ሬዚስታንስ ግን ለዚህ ይወፍራል፤ ብዙ አምፔር ይፈልጋል።

ሌላው ስህተት «ሽቦው ቀይ ካልሆነ አይቆርጥም» የሚለው ነው። ቀይ ከሆነ በጣም ግሏል። ፎሙ ሰፍቶ ይቀልጣል፣ ይጨሳል፣ ጠርዙ ይበላሻል። በትክክል የጋለ ሽቦ ስታዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። ፎሙን ስትገፉት በዝግታ ይሄዳል፤ ከኋላው እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ቀጫጭን ክሮች ይተዋል። እነዚያን ክሮች ካያችሁ ልኩ ላይ ናችሁ። በ12 ቮልት ከልክ በላይ ከጋለባችሁ ሽቦውን ወደ 40 ሴንቲ አርዝሙት፤ ወደ 2 አምፔር ይወርዳል።

ሽቦው ሲግል ይረዝማል። በ40 ሴንቲ ላይ ከ1 ሚሊ በላይ ነው። ያን ያህል ከረገበ ቀጥ ያለ ግድግዳ መቁረጥ አይታሰብም። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በስፕሪንግ ወጥሩት። በዩቲዩብ የሚታዩ ብዙ መቁረጫዎች ይህቺ ስፕሪንግ የላቸውም፤ የቆረጡት ሁሉ ሆዱ የጎበጠውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የማስታወቂያ ሠሪዎቹን የፒቪሲ ሰሌዳ በጋለ ሽቦ አትቁረጡ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሳንባ ያቃጥላል። ፒቪሲ በካተር ነው የሚቆረጠው።

«ዲመር ካስገባሁ ከሶኬት በቀጥታ ማገናኘት እችላለሁ»

በፍጹም! ዲመር (የመብራት ማደብዘዣው) ሙቀቱን ይቀንሳል እንጂ ሽቦውን ከ220 ቮልቱ አይለየውም። ያ ሽቦ ሽፋን የለውም፤ እጃችሁ ደግሞ ከሱ ጥቂት ሴንቲ ርቆ ነው የሚሠራው። የሚያስፈልጋችሁ መግቢያና መውጫ ጥቅሉ የተለያየ፣ 12 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ወይም የድሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከትልቁ መሰኪያ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ስታገናኙ ይነሳል፤ ቢጫው 12 ቮልት ይሰጣችኋል። በመሃል የ5 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ሳጥኑን ግን አትክፈቱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

«የፍሪጅ ኮምፕረሰር ቆርጦ አውጥቶ ኤርብራሽ ላይ መግጠም ነው»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌሊት ብትሠሩ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጨው ትንሽ መሣሪያ) የሚፈልገውም ከ1 እስከ 2 ባር ግፊት ብቻ ነው። «ቆርጦ» የሚለው ላይ ነው ጣጣው። ቱቦው ውስጥ ጋዝ አለ። በአዳዲሶቹ ፍሪጆች አብዛኛውን ጊዜ R600a ነው፤ ይህ ደግሞ አይሶቡቴን ነው፣ ይቀጣጠላል። ጋዙን የፍሪጅ ጠጋኝ ያውጣላችሁ። ኮምፕረሰሩ ከአየሩ ጋር ዘይት ስለሚተፋ መውጫው ላይ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀለሙ ላይ ዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ይወጣሉ።

አየሩ የሚጠራቀምበትን ታንክ በተመለከተ «የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ግፊቱን ይችላል፤ እላዩ ላይ ተጽፏል» የሚሉ አሉ። የተጻፈው ለውሃ ነው። የታመቀ አየር ሲያፈነዳው ስለት ሆኖ ይበተናል። የከባድ መኪና የፍሬን አየር ታንክ ፈልጉ፤ ለአየር የተሠራ ነውና። ምናለሽ ተራ የምትገዙት ያገለገለ ከሆነ ግን ውስጡ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል በውሃ ሞልታችሁ በፓምፕ አስፈትሹት። ውሃ ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ እንኳ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። ሴፍቲ ቫልቩ አዲስ ይገዛ። እሱ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

«ቫክዩም ፎርሚንግ የፋብሪካ ሥራ ነው»

ቫክዩም ፎርሚንግ ማለት በሙቀት የለሰለሰ ፕላስቲክን ከሥሩ አየር እየሳቡ ቅርጽ ላይ መለጠፍ ነው። የላዳዋን የፊት መስታወት የምናወጣው በዚህ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሳጥን ነው። ክዳኑ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጎኑ ላይ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ቱቦ ይገባል። ቅርጹን ከጠንካራ እንጨት ወይም ከጀሶ ሠርታችሁ ክዳኑ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ፕላስቲኩን በፍሬም ይዛችሁ ምድጃ ላይ ታሞቁታላችሁ።

ሰዎች የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። የፖሊስታይሪን ሉህ መጀመሪያ ይጨማደዳል። ያኔ ቸኩለው ያወርዱታል። ታገሡ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይወጠራል፤ ከዚያ መሃሉ ወደ ታች መርገብ ይጀምራል። የሚወርደው ያኔ ነው።

የውጭ አገር መመሪያ እንዳለ ተከትላችሁ ካልሠራላችሁ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ፕላስቲኩን ቅርጹ ላይ የሚጫነው የውጪው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መጥረጊያ ማሽኑም የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ያንሳል። ስለዚህ እነሱ 1 ሚሊ ሲሉ እናንተ ግማሽ ሚሊ ተጠቀሙ። የኬክ ሳጥን ግልጽ ክዳን ብዙ ጊዜ ለመኪና መስታወት ይበቃል። የሳጥኑን መገጣጠሚያ በሲሊኮን ድፈኑ፤ እዚህ የምትባክን አየር የለችም።

«ማስክ አድርጌያለሁ፤ ቀለም ብረጭ ችግር የለም»

የጨርቅም የሕክምናም ማስክ የቲነር ትነት አያስቀርም። የካርቦን ካርትሪጅ ያለው የፊት መሸፈኛ ግዙ። ቀለም የምትረጩበትን ሳጥን ስትሠሩም ፊልተሩ የሚይዘው የቀለሙን ብናኝ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ትነቱ በቱቦ ወደ ውጪ ይውጣ።

«ሁሉንም ነገር ራስ መሥራት ይሻላል»

ይህኛው የእኛ የሠሪዎቹ ስህተት ነው። መሣሪያ መሥራት ስለሚጥም ላዳዋ ተረስታ መደርደሪያው በመሣሪያ ይሞላል። የማይሠሩ ነገሮች አሉ። ምላጭ አትሥሩ። የሕክምና ዕቃ መሸጫ ሂዱና 3 ቁጥር የቀዶ ጥገና መያዣና 11 ቁጥር ምላጭ ግዙ፤ ጫፉ ሹል ነው፣ ለበርና ለመስኮት ማዕዘን የሚስተካከለው የለም። በደነዘ ቁጥር ቶሎ ቀይሩት፤ የደነዘ ምላጭ ኃይል ያስፈልገዋል፣ ኃይል የተጨመረበት ምላጭ ሲያመልጥ የሚሄደው ወደ ጣት ነው። የተጣለውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አጠራቅሙት፤ ልጆች ካሉበት ቤት ደግሞ ክዳኑን በቴፕ አሽጉት።