የፈረሰው የአያቶቻችን ሰፈር ይገኛል? በተለምዶ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ልደታና ሰንጋ ተራ ቀድመው ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ «አያቴ የኖሩበትን ቦታ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ግን ምን ቀረና?» የሚል ሰው በዝቷል። ብዙ ነገር ቀርቷል። ብዙዎችን ገና ከመነሻው የሚያደናቅፏቸው ከታች ያሉት ግምቶች ናቸው።

«አድራሻው በእጄ ነው፤ ከፍተኛውም፣ ቀበሌውም፣ የቤት ቁጥሩም አለኝ»

እሰየው፤ ግን ያንን ይዛችሁ ዛሬ ወረዳ ብትሄዱ ግራ ተጋብታችሁ ግራ ታጋባላችሁ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ከፍተኛ የሚባሉ 25 የአስተዳደር ክፍሎች ነበሯት። ኋላ ከፍተኛ ቀረና ወረዳ መጣ። በ1995 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፣ ቀበሌዎች ተጨፈለቁ፣ ቁጥራቸውም ተቀየረ። ቆይቶ ደግሞ ወረዳ የሚለው ስም ከክፍለ ከተማ በታች ላለው ተሰጠ። ስለዚህ «ወረዳ 3» ሲባል የየትኛው ዘመን ወረዳ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። የቤት ቁጥርማ አይነሣ። አርባ ዓመት የቆየ ቤት ውስጥ እየኖረ መታወቂያው ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የተባለለት ስንት ሰው አለ!

ወረቀቱን ግን እንዳትጥሉት። ቁጥሩ ብቻውን ባይረዳም፣ አጠገቡ ያለው ቀንና ማኅተም ዘመኑን ይነግራችኋል።

«ሰፈሩ በራስ እገሌ ስም ነው የሚጠራው፤ እኛም የሳቸው ዘር ነን»

ይህቺ በየቤቱ አለች። ከተማዋ በ1879 ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዙሪያ በየኮረብታው መሬት ተሰጣቸው። ብቻቸውን አልሰፈሩም። ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ባልደራሱ፣ ቄሱ ሁሉ አብሮ ሰፈረ። ኋላም ተከራዩና ነጋዴው ተጨመረ። ደጃች ውቤ ሰፈር ያደገ ሁሉ የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ዘመድ ከሆነ ደጃዝማቹ ዕረፍት አልነበራቸውም ማለት ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ዘር አለመሆናችሁ ለፍለጋው ይሻላል። አያታችሁ የማን ተከታይ ሆነው እንደመጡ ከታወቀ፣ ከየት አገር እንደመጡም ፍንጭ አለው። ጌታው የት ያስተዳድሩ ነበር? የት ዘመቱ? ከዚያ ጥያቄው ወደ ገጠር ይወስዳችኋል። አንዳንዱ ሰፈር ደግሞ ስሙ ራሱ ሥራ ይናገራል። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች መኖሪያ ነበር። «አያቴ ሠራተኛ ሰፈር ነበሩ» ካላችሁ፣ አንጥረኛ ነበሩ ወይስ አናጢ ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

የጌታው ቤት ቆሞ ከተገኘ ደግሞ ጥሩ መነሻ ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ዛሬ አዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ መስቀል አደባባይ አጠገብ አለ።

«ስሙ ካለ ቦታውም ያው ነው»

አያት «ገበያ እወርድ ነበር» ካሉ መርካቶ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመኑን ጠይቁ። ከጣሊያን በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነበር። ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው ጣሊያን ነው። ቦታው እያለ ስሙ የተቀየረም አለ። «ፀሐይ ሆስፒታል ነው የወለድኩት» ካሉ ልዕልት ፀሐይ ማለታቸው ነው፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተባለ፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ እንጦጦ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ ተመልሶ መስቀል ሆኗል።

«ፎቶው ጀርባ ላይ ዓመቱ ተጽፏል»

በማን አቆጣጠር? «1936» የጻፈው ፈረንጅ ከሆነ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። የጻፈው የኛ ሰው ከሆነ ጣሊያን ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።

«ወረቀት የለም፣ ሁሉም በቃል ነው»

የአያታችሁን የልደት ሰርተፊኬት ፍለጋ ባትደክሙ ይሻላል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው በ2008 ነው። ሌላ ወረቀት ግን አለ። ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ቤት የኪራይ ደብተር ከሣጥን ሥር አይጠፋም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ አለ፤ የፍርድ ቤትና የውርስ ማስታወቂያዎቹን አትናቁ። የድሮ ጋዜጣና ፎቶ ለማየት ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ (ወመዘክር) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሞከሩ።

ከሁሉም የምወደው ግን የእድር መዝገብ ነው። ሰፈር ሲፈርስ እድር አብሮ ላይፈርስ ይችላል። ሰው ገላን ጉራ ወይም ጀሞ ተበትኖም ለድሮ እድሩ የሚከፍል አለ። መዝገቡን የሚይዙት ጸሐፊ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«እማማን ከጠየቅኳቸው ቤቱን ያሳዩኛል»

እንደ አጠያየቃችሁ ነው። «ቤታችሁ የት ነበር?» ካላችሁ መልሱ «እዚያው ፒያሳ» ነው። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ውሃ የምትቀዱበት ቦኖ ከቤት ወደ ላይ ነበር ወደ ታች? ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ወንዝ ትሻገራላችሁ? ሌሊት የሚሰማችሁ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ነው? ክረምት ላይ ጭቃው የሚብሰው የት ጋ ነው? እግር የለመደውን መንገድ አፍ በቀላሉ አይረሳም። ሁለት ዘመድ ካለ ለየብቻ ጠይቁ። አብረው ከተቀመጡ ታላቅየው ያለው ይጸድቃል።

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝን ክፈቱና የድሮ የሳተላይት ምስሎችን ወደሚያሳየው መስመር ሂዱ። ዓመቱን ወደ ኋላ ስትጎትቱ የፈረሰው ሰፈር ከነቆርቆሮ ጣሪያው ይመጣል። ውጭ አገር ያላችሁም በቪዲዮ እየደወላችሁ ስክሪኑን ማሳየት ትችላላችሁ። ከላይ ሲታይ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ስለሆነ እማማ መጀመሪያ ምንም አይለዩም። ስለዚህ ቤቱን አትፈልጉ። ካልተነቃነቀው ጀምሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከወንዙ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ። ከዚያ ወደ ቦኖው፣ ከቦኖው ወደ ቅያሱ፣ ከቅያሱ ወደ በሩ። ያሉትን እያመላከታችሁ ምስሉን አስቀሩት፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፉበት።