የቪዲዮ ጌም ማራቶን ለተኝተው ታካሚ ሕፃናት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጎንደር

የቪዲዮ ጌም የበጎ አድራጎት ማራቶን የሚባለው አንድ ሰው ወይም ቡድን ለ24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀናት ጌም እየተጫወተ ጨዋታውን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያሳይበት፣ ተመልካቹም በዚያው ሰዓት ገንዘብ የሚለግስበት የርዳታ ማሰባሰቢያ ዘዴ ነው። ገንዘቡ ለልዩ ልዩ ዓላማ ይውላል፤ ዘዴው ዝናውን ያገኘው ግን ሆስፒታል ተኝተው ለሚታከሙ ሕፃናት በመሰብሰብ ነው።

አማርኛ አንባቢ በአንድ ቦታ ተጠቃልሎ የሚያገኘው ጽሑፍ ስለሌለ ይህ ዳሰሳ በአመዛኙ አዘጋጆቹ ራሳቸው ስለ ሥራቸው ባሳተሙት ላይ ይደገፋል። ስለ ካናዳና ስለ አሜሪካ ብዙ፣ ስለ ሌላው ዓለም ጥቂት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የውጭ አገር ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የአገር ውስጦቹ ዓ.ም. ተብለው ተለይተዋል። የዚህ ዳሰሳ ጸሐፊ ጎንደሬ ነው፤ ጽሑፉም ወደ ማብቂያው ወደ ጎንደር ያዘነብላል።

ከማራቶኑ በፊት

በሰሜን አሜሪካ ለሕፃናት ሆስፒታል በቴሌቪዥን ርዳታ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ 170 ገደማ ሆስፒታሎችን የሚደግፈው ችልድረንስ ሚራክል ኔትወርክ ሆስፒታልስ በ1983 የተነሣው በቴሌቶን ነበር። ጌም ወደ ሕሙማን ክፍል መግባቱም ከማራቶኑ ይቀድማል፤ ስታርላይት የተባለው የሕፃናት ድርጅት ከኒንቴንዶ ጋር ሆኖ ቴሌቪዥንና ጌም የተገጠመላቸውን ባለ ጎማ ማቆሚያዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለሆስፒታሎች ሲያድል ቆይቷል።

ተጫዋቹን ራሱን ለጋሽ ያደረገው ግን ቻይልድስ ፕሌይ ነው። ፔኒ አርኬድ የተባለውን የኢንተርኔት ካርቱን የሚያዘጋጁት ማይክ ክራሁሊክና ጄሪ ሆልኪንስ ጌም ተጫዋች ሁሉ ጠበኛ ነው የሚለው ወቀሳ ሰለቻቸውና በ2003 አንባቢዎቻቸውን ለሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል መጫወቻ እንዲገዙ ጠየቁ። በመጀመሪያው ዓመት በዓይነትና በጥሬ ገንዘብ 250,000 ዶላር ገደማ ተገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሆስፒታሉ የሚፈልገውን ዕቃ ዘርዝሮ ያወጣል፣ ለጋሹ ከዝርዝሩ መርጦ ይከፍላል፣ ዕቃው በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይላካል። መሐል ላይ ገንዘብ የሚይዝ እጅ አለመብዛቱ ለስኬቱ ትልቁ ምክንያት ይመስላል።

የበረሃው አውቶቡስ

ስለ ማራቶኖቹ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ዲዘርት ባስ ፎር ሆፕ ነው። ዲዘርት ባስ፣ ማለትም የበረሃው አውቶቡስ፣ ፔንና ቴለር የተባሉት አሜሪካውያን ምትሃተኞች በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሴጋ መጫወቻ ካሠሩት የጌሞች ስብስብ ውስጥ አንዱ ነው። ስብስቡ ለገበያ ሳይበቃ አሳታሚው ድርጅት ተዘጋ፤ ቅጂው ከአሥር ዓመት በኋላ በሰብሳቢዎች እጅ ወጣ። ጌሙ የተሠራው ለቀልድ ነው። «ጌም ልጆችን ዓመፅ ያስተምራል» ለሚሉ ሹማምንት፣ አንዳች ዓመፅ የሌለበት፣ ልክ እንደ እውነተኛው ሕይወት የሚያሰለች ጌም ይኸውላችሁ ለማለት ነበር።

ተጫዋቹ በአሪዞና ከምትገኘው ከቱሳን ተነሥቶ ኔቫዳ ውስጥ ወዳለችው ላስ ቬጋስ ባዶ አውቶቡስ ይነዳል። የአውቶቡሱ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉዞው በእውነተኛ ሰዓት ተለክቶ 8 ሰዓት ይፈጃል። ጌሙን ለአፍታ ማቆም አይቻልም። አውቶቡሱ ወደ ቀኝ በጥቂቱ ይስባል፤ ስለዚህ መሪውን አስሮ መተኛት የለም። ከአስፋልቱ ከወጣ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ጎታች መኪና መጥቶ አውቶቡሱን ወደ ቱሳን ይመልሰዋል፣ መመለሱም በእውነተኛ ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ የሚያጋጥም ትልቅ ክስተት ቢኖር አንዲት ነፍሳት መስታወቱ ላይ መፈጥረቋ ነው። ላስ ቬጋስ የደረሰ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ወዲያው ወደ ቱሳን ይመለስ እንደሆነ ይጠየቃል። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ የወረደ አንባቢ ስሜቱ አይጠፋውም፤ ግን የእኛ መንገድ ቢያንስ ዓባይ በረሃ አለው።

በካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ቪክቶሪያ ከተማ የሚገኙት ሎዲንግ ሬዲ ረን የተባሉ የቀልድ ቡድን አባላት በ2007 ኅዳር አካባቢ ይህንን ጌም በቀጥታ ሥርጭት እየነዱ ለቻይልድስ ፕሌይ ገንዘብ ለመሰብሰብ ተነሡ። በመጀመሪያው ዓመት ከ22,000 ዶላር በላይ አገኙ። በ2020 የአንድ ዓመቱ ብቻ 1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ጠቅላላው ከዚያ ወዲህ 10 ሚሊዮንን ተሻግሯል።

የዚህ ማራቶን ብልኃቱ የዋጋ ሕጉ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት 1 ዶላር ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው እያንዳንዱ ሰዓት ካለፈው በ7 በመቶ ይወደዳል። ሒሳቡን ስንሠራው አንድ ሙሉ ቀን ለማስነዳት በድምሩ 58 ዶላር ገደማ ይበቃል። 100 ሰዓት ለመድረስ ግን 12,400 ዶላር ገደማ ያስፈልጋል። 165ኛው ሰዓት ላይ ድምሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል፤ ያችን አንዲት ሰዓት ለመግዛት ብቻ 66,000 ዶላር ገደማ ይጠየቃል። ልግስናው የቱንም ያህል ቢበዛ ማራቶኑ ከሳምንት እምብዛም የማያልፈው በዚህ ነው። በገንዘብ ማሰባሰብ ታሪክ ውስጥ ለጋሹን ለማነሣሣትም፣ አዘጋጁን ከድካም ለማዳንም በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሕግ ብዙ አይገኝም።

ነጂዎቹ በየ6 ሰዓቱ በፈረቃ ይቀያየራሉ፤ አራቱም ፈረቃዎች የየራሳቸው ስምና ወዳጅ አላቸው፤ የሌሊቱ ፈረቃ ተመልካች የቀኑን ይንቃል ይባላል። ተመልካቹ ገንዘብ ከፍሎ ነጂውን ያዘፍናል፣ ያስጨፍራል፤ በእጅ የተሠሩ ዕቃዎችም ለጨረታ ይቀርባሉ። አዘጋጆቹ ማራቶናቸውን በኢንተርኔት ከሚካሄዱት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ብለው ያስተዋውቃሉ። የመጀመሪያው ነው የሚለውን ግን በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል፤ ከ2007 በፊት ትንንሽ ቡድኖች ተመሳሳይ ነገር ሳይሞክሩ አልቀሩም።

ኤክስትራ ላይፍ

ኤክስትራ ላይፍ በ2008 በቴክሳስ ተጀመረ። ሳርካስቲክ ጌመር የተባለውን የተጫዋቾች ድረ ገጽ ያዘጋጅ የነበረው ጄሮሚ አዳምስ፣ በደም ካንሰር ታማ የሞተችን አንዲት ልጅ ለመዘከር ተከታዮቹን 24 ሰዓት እንዲጫወቱ ጠራ። ልጅቷ በሕይወት ሳለች ተጫዋቾች ለመዝናኛዋ ጌም ይልኩላት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ለታከመችበት ለቴክሳስ የሕፃናት ሆስፒታል የካንሰር ማዕከል ዋለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማራቶኑ ከላይ በተጠቀሰው በችልድረንስ ሚራክል ኔትወርክ ሆስፒታልስ ሥር ገባ፤ እስካሁን ያስገኘው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ከዲዘርት ባስ የሚለየው አንድ መድረክ አለመኖሩ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከሳሎናቸው ይጫወታሉ፤ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባ ያሰባስባሉ። ተሳታፊው ሲመዘገብ ገንዘቡ የሚደርስበትን ሆስፒታል ይመርጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የተወለደበትን ወይም ልጁ የታከመበትን ነው። ገንዘቡ በአካባቢው ይቀራል። ዋናው ቀን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ 24 ሰዓት መንቃት ለጤና አይበጅም የሚለው ወቀሳ ሲበረታ አዘጋጆቹ ሰዓቱን በብዙ ቀን ከፋፍሎ መጫወትን ፈቅደዋል።

ሌሎች

በሜምፊስ የሚገኘውና በ1962 የተከፈተው ሴንት ጁድ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ከታካሚ ቤተሰብ ክፍያ አይጠይቅም፤ ወጪውን የሚሸፍነው በአመዛኙ ልገሳ ስለሆነ ለጌም ተጫዋቾች የራሱን መርሐ ግብር አቋቁሟል። ጌምስ ደን ኩዊክ ጌሞችን በፍጥነት በመጨረስ የሚታወቅ ሲሆን በ2010 ከ10,000 ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ገቢ ተነሥቶ ዛሬ በአንድ ሳምንት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። በጥር አካባቢ የሚካሄደው ለካንሰር መከላከያ፣ በሰኔ አካባቢ የሚካሄደው ለብዙ ዓመታት ለድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሲውል ኖሯል። የሕፃናት ሆስፒታል ማራቶን ባይሆንም እዚህ የተጠቀሰበት ምክንያት አለ፤ ይኸው የሐኪሞች ቡድን በምዕራብ አርማጭሆ፣ አብደራፊ፣ በእርሻ ሥራ ወደ ቆላ የወረዱ የደጋ ልጆችን ከካላዛርና ከእባብ ንክሻ ሲያክም ኖሯል። በፈረንሳይ ዜድ ኢቨንት በ2021 ረሃብን ለሚዋጋ ድርጅት ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሰብስቧል።

ገንዘቡ ሕሙማን ክፍል ሲደርስ

ጌም ለታመመ ልጅ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ በከፊል ተጠንቷል። በሲያትል ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የሠሩት ስኖው ወርልድ የተቃጠለ ሰው ፋሻው ሲቀየር በምናባዊ የበረዶ ሸለቆ ውስጥ ኳስ እንዲወረውር ያደርገዋል፤ ሐሳቡ ሲሰረቅ ሕመሙ እንደሚቀንስም ታይቷል። ሪሚሽን የተባለው ጌም ደግሞ በሰውነት ውስጥ እየበረረች የካንሰር ሕዋሳትን የምትዋጋ ሮቦት የሚያሳይ ነው፤ በ2008 የወጣ፣ 375 ወጣት ሕሙማንን በ34 የሕክምና ማዕከላት ያካተተ ጥናት፣ ጌሙን የተጫወቱት መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚወስዱ አረጋግጧል። ተራ የእግር ኳስ ጌም እንዲሁ ይሠራል ወይ ቢባል ማስረጃው ይሳሳል፤ ሆኖም ከአልጋ መውረድ ያልቻለ ልጅ ሲስቅ ያየች ነርስ ጥናት አትጠይቅም።

ጌመርስ አውትሪች የተባለው የሚሺጋን ድርጅት ታሪክ ለእኛ ከተማ የቀረበ ነው። መሥራቹ ዛክ ዊጋል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ሃሎ በተባለው ጌም ውድድር ሊያዘጋጅ ሲል አንድ የአካባቢው ፖሊስ ጌሙ ወጣቶችን ያበላሻል ብሎ አሳገደበት። ልጁ በምላሹ ለበጎ አድራጎት የሚውል ውድድር አቋቋመ። ድርጅቱ ዛሬ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚገፉ፣ ስክሪንና ጌም የተገጠመላቸው ጋሪዎች ለሆስፒታሎች ያቀርባል።

ጎንደር

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መነሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ሆስፒታል ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በደንቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተበት፤ ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ከዚህ ወጥተው አገሪቱን አዳረሱ። ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ጎንደሬ ይህንን የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕክምና ትምህርት ቤት ይለዋል፤ ሐኪም በማስመረቅ የአዲስ አበባው ይቀድማል። ለጤና ባለሙያ ትምህርት ፋና ወጊው የቱ እንደሆነ ግን ጥርጥር የለውም። ሆስፒታሉ የሚያገለግለው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይገመታል፤ ከዋግ ኽምራ፣ ከመተማ፣ ከሰሜን ተራሮች ሥር ልጅ አዝላ የመጣች እናት ሳምንታትን በአስታማሚነት ትቀመጣለች።

በሕፃናቱ ክፍል ጨዋታ ቅንጦት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ከሚያልፍባቸው 10 እርምጃዎች 9ኛው ጨዋታና ፍቅር ማሳየት ነው፤ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በሥርዓት ማጫወት ይታዘዛል። መጫወቻውም በአካባቢው ከሚገኝ ነገር እንዲሠራ ይመከራል፦ በክር የተሰኩ ትንንሽ ዕቃዎች፣ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቁርጥራጭ የተጨመረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከቆርቆሮ ጣሳ የተሠራ ከበሮ። ስለዚህ እዚህ በማራቶን የሚገኝ ገንዘብ ባለ ጎማ ስክሪን ከመግዛቱ በፊት የሚሠራው ሥራ አለው።

ተጫዋች ግን ሞልቷል። በአራዳ፣ በማራኪና በአዘዞ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጆተኒና ከፑል ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ጠባብ ክፍል፣ በጨርቅ የተጋረደ በር፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ቀለሙ የለቀቀ ጆይስቲክ፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች፤ ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ወላጅ እነዚህን ቤቶች በበጎ ዓይን አያያቸውም፤ ከትምህርት የሚቀር ልጅ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው። ገንዘብ ማሰባሰቡም ቢሆን ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አንድ ጥላ ወይም ሥዕል ለጨረታ ወጥቶ ዋጋው በእልልታ መሐል ሲወጣ ያላየ የለም፤ የገዛው ሰው ብዙ ጊዜ መልሶ ይሰጠዋል፣ እንደገናም ይጫረቱበታል። በአገር ደረጃ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በሕዝብ መዋጮ የቆመ ነው፤ መቄዶንያ በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ያካሄደው የቀጥታ ሥርጭት ደግሞ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ስክሪን እያየ በስልኩ እንደሚለግስ አሳይቷል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መኖሩ መንገዱን አሳጥሮታል።

እንቅፋቱ መስመር ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የበረሃው አውቶቡስ ሕግ ግን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት የመጀመሪያውን ሰዓት በ10 ብር ጀምሮ በ7 በመቶ ቢያሳድግ የ24 ሰዓቱ ድምር 582 ብር ገደማ፣ የ48 ሰዓቱ 3,500 ብር ገደማ፣ የ72 ሰዓቱ 18,500 ብር ገደማ ይሆናል። መብራት የጠፋበት ሰዓት ለለጋሹ ይቆጠርለት ወይስ አይቆጠርለት የሚለውን የቪክቶሪያዎቹ ካናዳውያን በሕጋቸው አላሰቡበትም፤ እዚህ አስቀድሞ መስማማት የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው።