«ከኬዚን ነፃ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። በቴሌግራም የደረሳት ነው። ተናጋሪውን አላውቀውም። ድምፁ ግን ቅንጣት ጥርጣሬ የለበትም። «ኦቲዝም ላለበት ልጅ ኬዚን መርዝ ነው። ላክቶስ የሌለውን የታሸገ ወተት ስጡት፤ እሱ ኬዚን የለውም። አይብም ችግር የለውም፤ ወተቱ ሲኮመጥጥ ኬዚኑ ይጠፋል» ይላል።

እናትየዋ የአምስት ዓመት ልጅ አላት። ስምንት ወር ሙሉ ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ ድረስ እየወጣች ያንን ወተት ስትገዛ ከርማለች። ዋጋውን ስትነግረኝ አንጀቴ ተላወሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጇ አንድም ቀን ከኬዚን ነፃ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ስህተት ከዚህ በፊትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቃሉን ልፍታው፤ ኬዚን ከወተት ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ኦቲዝም ምን እንደሆነ አላብራራም። ከልጆቻችሁ ጋር የምትውሉት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከጓዳችን እንጀምር። ወተቱ ረግቶ እርጎ ይሆናል። እርጎው በቅል ይናጣል። ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ ነው። አሬራው ለዘብ ባለ እሳት ሲሞቅ ነጩ ይሰበሰባል፤ እሱ አይብ ነው። ከአይቡ የሚንጠፈጠፈው ውሃ አጓት ነው። ጎንደር ውስጥ ይህን ለማንም እናት ማስተማር አያስፈልግም። አሁን ስሞቹን እናስቀምጥ። ስቡ አብዛኛው ከቅቤው ጋር ሄዷል። የወተቱ ስኳር ላክቶስ ይባላል፤ ሲረጋ ከፊሉ ይበላል፣ የተረፈው በብዛት ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። ኬዚንስ? ኬዚን ያ ነጩ ነገር ነው። በላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከመቶ 80 ያህሉ ኬዚን ነው። ስሙ ራሱ የመጣው «አይብ» ከሚል የላቲን ቃል ነው።

ስለዚህ «አይብ ኬዚን የለውም» ማለት «አይብ አይብ የለውም» እንደማለት ነው። መኮምጠጥ ኬዚንን አያጠፋም። ያረጋዋል፣ አንድ ላይ ይሰበስበዋል። አንድ ማንኪያ አይብ ከአንድ ማንኪያ ወተት ይልቅ ብዙ ኬዚን አለው።

ወተትን ብዙ ተከራይ እንዳለበት ግቢ አድርጋችሁ አስቡት። በአንደኛው ክፍል ላክቶስ አለ፤ እሱ ስኳር ነው። በሁለተኛው ኬዚን አለ፤ ፕሮቲን ነው። በሦስተኛው የአጓት ፕሮቲኖች አሉ። ስብ የራሱ ክፍል አለው። ካልሲየም፣ ቢ12 እና አዮዲንም እዚያው ይኖራሉ። ላክቶስ የሌለው ወተት የሚሠራው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ተጨምሮበት ነው። ኢንዛይሙ ላክቶስን ግሉኮስና ጋላክቶስ ወደተባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ይከፍለዋል። ያ ወተት ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው። ሌላውን ተከራይ ማንም አልነካውም። ኬዚን በሩን ዘግቶ እንደተኛ ነው።

በግቢው ውስጥ ሰላም ከታጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የበጠበጠው የትኛው ተከራይ ነው የሚለው ነው። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ያስቀምጠዋል። ያማል እንጂ ሕይወት አያሰጋም። ገና ሕፃን በሆነ ልጅ ላይ ይህ ከመጣ ብዙ ጊዜ ከከባድ ተቅማጥ ወይም ከጃርዲያ በኋላ ነው፤ አንጀቱ ሲያገግም ይሻለዋል። የወተት አለርጂ ሌላ ነው። እሱ ከፕሮቲኖቹ ጋር ያለ የሰውነት መከላከያ ጠብ ነው። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከት፣ አንዳንዴም የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ይህ ሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያለ ልጅ ላክቶስ የሌለው ወተት ቢጠጣ ያው አደጋ ላይ ነው። የድምፅ መልእክቱን ቀላል ስህተት ብዬ ያላለፍኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ኬዚን ከኦቲዝም ጋር ስሙ እንዴት ተያያዘ? እ.ኤ.አ. በ1979 ያክ ፓንክሴፕ የተባለ የአንጎል ተመራማሪ አንድ መላ ምት አቀረበ። በኦቲዝም ውስጥ የሚታዩ አንዳንድ ጠባዮች ሞርፊን (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) መሰል ነገር በአንጎል ውስጥ ከመብዛቱ ሊመጡ ይችላሉ የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ ሐሳቡን ወደ ምግብ ወሰዱት። ኬዚን ሲፈጭ ቤታ ካሶሞርፊን 7 የሚባል ሰባት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) ያለው ቁራጭ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም በላብራቶሪ ሞርፊን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያርፋል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲንም ተመሳሳይ ቁራጭ አለው። «ግሉተንና ኬዚን የሌለው አመጋገብ» የተወለደው ከዚህ ነው። ሐሳቡ ተራ ወሬ አልነበረም። ሊፈተሽ የሚገባው ጥያቄ ነበር፤ ተፈተሸም።

እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ጥናት እነዚህን ቁራጮች ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ሽንት ውስጥ ፈለገ፤ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሌላ ጥናት 14 ልጆችን ጥብቅ በሆነ አመጋገብ ላይ አድርጎ፣ ቤተሰቡም መዛኙም ሳያውቁ ግሉተንና ኬዚን መልሶ ሰጣቸው። በጠባያቸውም፣ በእንቅልፋቸውም፣ በሆዳቸውም ላይ ለውጥ አልታየም። 14 ልጅ ትንሽ ነው፤ ይህን አልሸሽግም። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በጥንቃቄ ከተሠሩት አንዱ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ያለውን አመጋገብ ለኦቲዝም ዋና ምልክቶች አትጠቀሙበት ብሏል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ለእኔ ልጅ ግን ሠርቶለታል፤ እየዋሸሁ ነው እንዴ?» አትዋሹም። እኔም ያየሁት ነገር ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሆድ ድርቀትና የሆድ ሕመም ይበዛባቸዋል። መናገር የማይችል ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው «እማ፣ አመመኝ» አይልም። ራሱን ይመታል። ሌሊት አይተኛም። ይጮኻል። አንዳንድ ልጅ ደግሞ የሆዱ ድርቀት ከወተት ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ኦቲዝም በሌለባቸው ልጆችም የታወቀ ነው። ወተቱ ሲቀርለት ሆዱ ይለሰልሳል፣ ሕመሙ ይሄዳል፣ ልጁ ይተኛል። የተኛ ልጅ ደግሞ ዓይን ያያል፣ ይጫወታል። እናቱ ያየችው ለውጥ እውነተኛ ነው። የታከመው ግን ሆዱ ነው። ልዩነቱ የሚጠቅመን ለዚህ ነው፦ ሆዱን የሚያመው ልጅ ሆዱ ይመርመር። ሆዱን የማያመውን ልጅ ወተት ብትከለክሉት የምታገኙት ነገር ላይኖር ይችላል፤ የምታጡት ግን አለ።

ወደ ግቢው ልመለስ። ኬዚንን ብቻ ከወተት ነቅሎ ማስወጣት ቤት ውስጥ አይቻልም። ስለዚህ «ከኬዚን ነፃ» ማለት በተግባር ግቢውን በሙሉ ማፍረስ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ አሬራ፣ አይብ፣ የወተት ዱቄት፣ ሁሉም ይወጣል። ንጥር ቅቤ ስብ ነው፤ ፕሮቲኑ ከሞላ ጎደል ሄዷል፤ ከባድ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ያቺ ርዝራዥም ትቆጠራለች። ግቢው ሲፈርስ ኪራይ በወቅቱ የሚከፍለው ካልሲየምም አብሮ ይወጣል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም እንዲያገኝ ይመከራል። 250 ሚሊ ሊትር የላም ወተት 300 ያህል ይሰጣል። ያንን ኪራይ ከዚህ በኋላ ማን ይከፍላል? አጥንት ነው ባለዕዳው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወንዶች ልጆች አጥንት ስስ ሆኖ ማግኘቱን፣ ከኬዚን በተከለከሉት ላይ ደግሞ ይበልጥ መሳሳቱን ጽፏል።

«የፍየል ይሻላል» የሚለውስ? የፍየል ወተት ኬዚን አለው። ለላም ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለፍየሉም አለርጂ ነው። የግመል ወተት ከአጓት ፕሮቲኖች አንዱ ይጎድለዋል እንጂ ኬዚን አለው። «ኤ2» የሚባለው ወተት በአንዱ የኬዚን ዓይነት ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ የተለየችበት ነው፤ ኤ2ም ኬዚን ነው። የእናት ጡት ወተትም ኬዚን አለው! ይህን የምጽፈው በኬዚን ፍራቻ ጡት ያስጣለች እናት እንዳትኖር ነው። በዚህ ምክንያት ጡት አታስጥሉ።

በሕክምና ምክንያት ወተት መቅረት ያለበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ የጎንደር ጓዳ ትልቅ እገዛ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ያለ ወተት ስናበስል ኖረናል። ሱቅ ውስጥ «የጾም» የሚል ብስኩት ወተት እንደሌለው ጥሩ ምልክት ነው። ስንዴ ግን አለው፤ ግሉተንም ለተከለከለ ልጅ አይሆንም። ጤፍ፣ ዳጉሳና ማሽላ ግሉተን የላቸውም። ገብስ አለው፤ ስለዚህ የደባርቅ በሶ አይሆንም። ቡና ላይ የሚነሰነሰው «ወተት ያልሆነ» ነጭ ዱቄት ብዙ ጊዜ ሶዲየም ኬዚኔት አለበት። ገልብጣችሁ አንብቡት።

ካልሲየምን በተመለከተ፦ 100 ግራም ደረቅ ዳጉሳ 340 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ጤፍ 180 ገደማ። ከመተማ በኩል የሚመጣው ሰሊጥ ከልጣጩ ጋር ሲሆን ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጣል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴትና በሰሊጥ ልጣጭ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የተባሉ ንጥረ ነገሮች ካልሲየሙን አስረው ያስቀሩታል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ የሚሻለው ለዚህ ነው። ጎመን ካልሲየሙን በደንብ ያስረክባል። የአኩሪ አተር ወተት ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ቤት የተሠራው ግን ካልሲየም አልተጨመረበትም። የሩዝ ውሃ ወተትን አይተካም። ፀሐይም አትርሱ። ቫይታሚን ዲ ከሌለ ካልሲየሙ አይሠራም። ጎንደር ፀሐይ ሞልቷል፤ ሰው ያየዋል ተብሎ ቤት የሚውል ልጅ ግን አያገኘውም። ልጆቻችንን ደጅ እናውጣቸው።

አመጋገቡን እንሞክረው ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ቀንሱ። ግሉተንንም ወተትንም ስኳርንም በአንድ ቀን አታቁሙ፤ የቱ እንደጠቀመ መቼም አታውቁም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ልጁን አስመዝኑ፣ ቁመቱን አስለኩ። እንቅልፉን፣ ዓይነ ምድሩን፣ ለቅሶውን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ወተቱን መልሱና እዩ። ልጁ ከዚህ በፊት አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ከሆነ ግን ቤት ውስጥ እንዳትመልሱበት፤ ሐኪም ፊት ይሁን። የምትመልሱት ወተት ደግሞ የፈላ ይሁን። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለ ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ያቺ እናት ወደ እኔ የመጣችው ልጇ ስለከሳ ነው። ውዱ ወተት ለውጥ ሲያጣ ሌላ ሰው «ሁሉንም አቁሚ» አላት። ልጁ የሚበላው አራት ነገር ብቻ ነበር፦ እንጀራ በእርጎ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ዳቦ። እርጎውን ስታቆም እንጀራውንም ተወው። አለርጂ የለበትም፣ ሆዱም ደህና ነው። «እህቴ፣ እርጎውን መልሺለት» አልኳት። «ልጎዳው እኮ ነው የመሰለኝ» አለችና አለቀሰች። ለወተቱ ታወጣው በነበረው ገንዘብ እንቁላል እንድትጀምር ተስማማን። ዛሬ ጠዋት ደውላ ነበር። እንቁላሉን ገና አልነካውም፤ እንጀራ በእርጎ ግን ሁለት ጊዜ በልቷል።