በተጨናነቀ የከተማ ሰፈር ለብዙ ሰው የሚሆን ምግብ ቤት አመራረጥ

ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ሰፈር ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ማግኘት እምብዛም አያስቸግርም። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሆኖ ለሚመጣ ቡድን ግን ያ ሁሉ አማራጭ ወዲያው ይመናመናል። ከቀሩት ጥቂቶች ውስጥም አንዱ ጫጫታው አያነጋግርም፣ ሌላው ደረጃው አቅመ ደካማ አያስወጣም፣ ሌላው ደግሞ ከቡድኑ አንዷ ልትበላው የምትችለው ምግብ የለውም። ለአንድ ሰው ምርጥ የሆነ ቤት ለአሥር ሰው ምርጥ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የቡድን ምርጫ መለካት ያለበትም ከሁሉ ይበልጥ በሚቸገረው ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከምግቡ ጣዕም ሲሆን፣ ጣዕም ወሳኝ የሚሆነው ቡድኑ አብሮ መቀመጥ፣ መደማመጥና ሁሉም መመገብ መቻሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ጠረጴዛና ሰዓት

ኪራይ በሚወደድበት አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ወለሉን የሚሞላው በአብዛኛው በሁለትና በአራት ሰው ጠረጴዛዎች ነው፤ ደንበኛው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ስለሚመጣ ይህ አደረጃጀት ወንበር ባዶ እንዳይቀር ያደርጋል። ትልቅ ቡድን ሲመጣ ጠረጴዛዎቹ ይገጣጠማሉ፤ ሲገጣጠሙ ግን መቀመጫ ይቀንሳል። በአራቱም ጎኖቻቸው አንድ አንድ ሰው የሚያስቀምጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ተለያይተው ሲቆሙ 8 ሰው ይይዛሉ፤ ሲገጠሙ የተነካኩት ሁለት ጎኖች ስለሚዘጉ 6 ሰው ብቻ ያስቀምጣሉ። ሦስት ሲገጠሙ ከ12 ወደ 8፣ አራት ሲገጠሙ ደግሞ ከ16 ወደ 10 ይወርዳል። ለአሥር ሰው ቦታ ለመያዝ የተደወለለት አስተናጋጅ ሲያቅማማ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ይህ ስሌት ነው፤ እንግዳን ካለመፈለግ የመጣ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

በዚያ ላይ የሚገጣጠሙት ጠረጴዛዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ባዶ መሆን አለባቸው። ቀድሟቸው የተቀመጠው እንግዳ የሚነሣው በተለያየ ጊዜ ስለሆነ፣ ቤቱ ቀድመው የተለቀቁትን ማንንም ሳያስቀምጥባቸው ይዞ ይቆያል፤ ቡድኑ ግማሽ ሰዓት በዘገየ ቁጥር ኪሳራው በሁሉም ጠረጴዛዎች ይባዛል። ብዙ ቤቶች አብዛኛው ሰው ሳይሟላ ቡድኑን አናስቀምጥም የሚሉት፣ ወይም የተያዘው ቦታ ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ እንደሚጠበቅ አስቀድመው የሚናገሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቦታ የሚይዘው ሰው ትክክለኛውን ቁጥር መናገሩ ከምንም በላይ ይጠቅማል። ስምንት ብሎ ይዞ አሥራ አንድ ሆኖ መምጣት ማለት አስተናጋጆቹ በሰው ጫፍ ጫፍ ወንበር እየጨመሩ መተላለፊያውን እንዲዘጉ ማስገደድ ነው። የሚያጠራጥሩ ሰዎች ካሉም «ስምንት እርግጠኛ፣ ሁለት የሚያጠራጥሩ» ብሎ መንገር ይሻላል፤ ቤቱ ሊዘጋጅ የሚችለው ይህን ካወቀ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መምጣት ብዙ ነገር ይቀይራል። በምሳም ሆነ በእራት ሰዓት የሰው ብዛት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቡድኑ ከዚያ በፊት ከተቀመጠ ጠረጴዛ ከማግኘቱም በላይ ትዕዛዙ ወደ ማዕድ ቤት የሚገባው አብሳዮቹ ገና ፋታ እያላቸው ይሆናል። የአሥር ሰው ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ ሲገባ አሥር የተለያየ የማብሰያ ጊዜ ይዞ ይገባል። ሁሉም አንድ ላይ ትኩስ ሆኖ እንዲወጣ ቶሎ የሚደርሰው መዘግየት፣ የሚቆየው ደግሞ አስቀድሞ መጣድ አለበት። ምድጃ ጥቂት በሆነበት ማዕድ ቤት ይህ ስለማይሳካ ግማሹ ሰው በልቶ ሲጨርስ ግማሹ ገና ይጠብቃል። አንዳንድ ቤቶች ለትልቅ ቡድን አጠር ያለ የምግብ ዝርዝር የሚያቀርቡት ይህን ለማስቀረት ነው። ዝርዝሩ ቢያጥርም በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ ቡድኑን የሚጠቅም አሠራር ነው፤ በቡድኑ ውስጥ ላሉ ሁሉ የሚሆን ነገር መኖሩ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ድምፅና የጠረጴዛ ቅርጽ

በምርጫ ወቅት ከሁሉ የሚዘነጋው ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ሰው በዙሪያው ጫጫታ ሲጨምር ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በሞላ ምግብ ቤት ውስጥ አንዱ ጠረጴዛ ድምፁን ሲያነሣ ጎረቤቱም ያነሣል፣ ሦስተኛውም ይከተላል፤ በዚህ ዓይነት አዳራሹ ማንም ሳይፈልግ እየጮኸ ይሄዳል። የተለመደ ጭውውት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል፤ የአዳራሹ ጫጫታ ከዚያ በልጦ ሲሄድ ጆሮው የደከመ ሰው ከጨዋታው የሚወጣው ሳይናገር ነው። እርሱ ፈገግ እያለ ይቀመጣል እንጂ አልሰማሁም ብሎ ደጋግሞ አይጠይቅም።

የቤቱን ድምፅ ለመገመት ባዶውን ክፍል ማየት በቂ ነው። ኮንክሪት፣ መስታወት፣ ብረትና ልባስ የሌለው ጣውላ ድምፅን መልሰው ያነጥራሉ፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ በጨርቅ የተለበጠ ወንበርና ዝቅ ያለ የጣሪያ ልባስ ይውጡታል። በዓይን የሚማርክ፣ ጣሪያው ከፍ ያለና በዙሪያው መስታወት የሆነ አዳራሽ ለፎቶግራፍ ግሩም ቢሆንም ለአሥር ሰው ጨዋታ ብዙ ጊዜ አይመችም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ማዕዘን ላይ ያለ ወይም ግድግዳ የተጠጋ ቦታ መጠየቅና በደንብ የማይሰማውን ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ የሁሉንም ፊት በሚያይበት ወንበር ማስቀመጥ ይረዳል። የሙዚቃ ማጉያው የት እንደተሰቀለ ማየትም አይከፋም።

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥም ቢሆን የቡድኑ መጠን በራሱ ጨዋታውን ይከፋፍለዋል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በነጻ የሚመሠረት ጭውውት ከአራት ሰው ገደማ ሲያልፍ ለሁለት የመከፈል ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። እንግዲህ አሥር ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታ ጎን ለጎን መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ረጅምና ጠባብ ጠረጴዛ ጫፍ ለጫፍ የተቀመጡትን እስከ መጨረሻው ሳያገናኝ ይለያያል። ክብ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያያይዛል፤ ስፋቱ ከመጠን ካለፈ ግን ማዶ ያለውን ለማናገር መጮኽ ግድ ይላል። ሰዎቹ የተሰበሰቡት እርስ በርስ ለመተዋወቅ ከሆነ ሁለት ተቀራራቢ ጠረጴዛዎችን ይዞ በመካከል ቦታ መቀያየር ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ማን ምን አይበላም?

የአንድ ቡድን አማራጭ የሚጠበው በፍላጎት ሳይሆን በክልከላ ነው። በሃይማኖት፣ በጾም፣ በሕመም፣ በአለርጂ ወይም በገዛ ምርጫው የተወሰነ ምግብ የማይበላ ሰው ከአሥር ሰው መካከል መኖሩ አይቀርም። እነዚህን ክልከላዎች ቤት ከመመረጡ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከተመረጠ በኋላ ሲጠየቅ ሰው ቡድኑን ላለማስቸገር ሲል «ለእኔ ግድ የላችሁም» ይላል። ከዚያ ሌላው ሲመገብ እርሱ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። አንድ አማራጭ ብቻ ያለበት ዝርዝርም ያ አንድ ምግብ ካለቀ ምንም የለበትም ማለት ስለሆነ፣ ለተከለከለው ሰው ቢያንስ ሁለት የሚሆን ነገር ያለበትን ቤት መፈለግ ይገባል።

አለርጂ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላልና። በአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የምግብ መረጃ ደንብ፣ ምግብ ቤቶችም ጭምር 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች በምግባቸው ውስጥ መኖራቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ከእነዚህም ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ይገኙበታል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዋና ተብለው የተዘረዘሩት አለርጂ አምጪዎች ደግሞ ሰሊጥ ከተጨመረ ወዲህ 9 ናቸው። ሕጉ የትም ሆነ የት፣ አስተናጋጁን «ይህ ምግብ ውስጥ ኦቾሎኒ አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። አደጋው ከንክኪም ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ዘይት ለሁሉም ጥብስ ካገለገለ፣ ወይም አንድ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ከተዘዋወረ፣ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ነገር ሳህኑ ላይ ይገኛል። ቦታ ሲያዝ ስለዚህ ነገር መጠየቅና መልሱን ከማዕድ ቤት ኃላፊው ማግኘት ያስፈልጋል። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ቤቱን መተው ይሻላል።

የመግቢያው ሁኔታም ከዚሁ ጋር አብሮ ይታያል። በአሜሪካ የ2010 እ.ኤ.አ. የተደራሽነት መመዘኛ መሠረት በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የበር ክፍተት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የጠረጴዛው ከፍታ ደግሞ ከ71 እስከ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ እነዚህ ቁጥሮች በሌላ አገርም ለመገመት ይረዳሉ። ከፍ ባሉ የባር ጠረጴዛዎች የተሞላ ቤት ለብዙዎች ምቹ ቢመስልም ለአረጋዊና ለሕፃን ፈተና ነው። መጸዳጃ ቤቱ በምድር ቤት ወይም በፎቅ ላይ መሆኑን መጠየቅም አይዘንጋ።

ቤቱን ማን ይምረጥ?

በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአስተዳደር ምሁር ጄሪ ሃርቪ አንድ ታሪክ ጻፈ። ቴክሳስ ውስጥ በጠራራ ሙቀት አራት የቤተሰብ አባላት እራት ለመብላት 53 ማይል፣ ማለትም 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ አቢሊን ይነዳሉ። ሲመለሱ አንዳቸውም መሄድ እንዳልፈለጉ ይታወቃል፤ ሐሳቡን ያነሣው ሰው ሳይቀር ሌሎቹ የሰለቻቸው መስሎት ነበር። ምሁራን «የአቢሊን አያዎ» የሚሉት ይህን፣ ማንም ያልፈለገውን ሁሉም ተስማምቶ ማድረጉን ነው። ምግብ ቤት ሲመረጥ በየቀኑ የሚደገም ነገር ስለሆነ ነው እዚህ የተነሣው፤ «ደስ እንዳላችሁ» የሚለው መልስ ትሕትና ቢሆንም መረጃ የለውም።

በድምፅ ብልጫ መወሰንም የራሱ ችግር አለው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው ሦስት ሰዎች ሦስት አማራጮችን በተለያየ ቅደም ተከተል ሲመርጡ፣ አማራጮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲወዳደሩ የመጀመሪያው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ያኔ ሁሉንም ያሸነፈ አማራጭ አይኖርም። ለምግብ ቤት የተሻለው መንገድ አንድ አስተባባሪ ሦስት ወይም አራት ቤቶችን አጣርቶ ካቀረበ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ሁሉ እንዲጠቁም ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የተስማማበት ይመረጣል፤ አንድ ሰው እንኳ «አልችልም» ያለበት ይወጣል። ሃያ አማራጭ በጽሑፍ መልእክት ተልኮ ሁሉም የየራሱን ሲጨምር ውሳኔው አያልቅም፤ በዚያ መካከል የተፈለገው ጠረጴዛ በሌላ ሰው ይያዛል።

ስለ ቤቶቹ መረጃ የሚገኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የፈረንሳዩ የጎማ አምራች ሚሽላን መመሪያውን በ1900 እ.ኤ.አ. ለአሽከርካሪዎች ማሳተም ጀምሮ በ1926 ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ከ2000 ወዲህ ደግሞ እንደ የልፕና ትሪፕአድቫይዘር ባሉ ገጾች ማንኛውም ደንበኛ አስተያየት ይሰጣል። ለቡድን የሚመርጥ ሰው ግን አማካይ ነጥቡን ማየት አይበቃውም፤ ነጥቡን የሰጡት በአብዛኛው ለሁለት ለሦስት ሆነው የበሉ ናቸው። ብዙ ሆነው የሄዱ ሰዎች የጻፉትን፣ በተለይም ስለ መዘግየትና ስለ ሒሳብ ያሉትን ለይቶ ማንበብ፣ ደንበኞች ያነሷቸውን የክፍሉን ፎቶዎች ማየት፣ ከተቻለም በዚያው ቀንና ሰዓት አልፎ ቤቱን መጎብኘት የበለጠ ይናገራል።

ትዕዛዝና ሒሳብ

ተመራማሪዎቹ ዳን አሪሊና ጆናታን ሌቫቭ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በአንድ ጠረጴዛ ያሉ ሰዎች ጮክ ብለው ተራ በተራ ሲያዝዙ ከሌላው የተለየ ነገር የመምረጥ ዝንባሌ ያሳያሉ፤ በመረጡትም በግል ካዘዙት ያነሰ ይደሰታሉ። መካከል ላይ የሚቀመጡ የጋራ ሳህኖች ይህን ጭንቀት ያቃልላሉ፤ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ግን የእርሱ ምግብ ለብቻው መቅረብ አለበት።

ክፍያው አስቀድሞ ካልተነገረ ደስታውን የሚያደፈርሰው እርሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ዩሪ ግኒዚ፣ ኤርናን ሃሩቪና ሃዳስ ያፌ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ስድስት ስድስት ሰዎችን ምግብ ቤት አስቀምጠው፣ ሒሳቡ እኩል እንደሚካፈል የተነገራቸው ሰዎች የየራሳቸውን ከሚከፍሉት የበለጠ ዋጋ ያለው ምግብ እንዳዘዙ አግኝተዋል። አስገራሚው ደግሞ አብዛኞቹ ሲጠየቁ የየራሳቸውን መክፈል እንደሚመርጡ መናገራቸው ነው። ስለዚህ አቅማቸው የተለያየ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ጊዜ አስተባባሪው ገና ቦታ ሲይዝ ቤቱ ሒሳብ ለየብቻ እንደሚያወጣ መጠየቅና ለሁሉም ማሳወቅ አለበት፤ ትዕዛዙ ከገባ በኋላ መለያየት ለገንዘብ ተቀባዩም ከባድ ነው።

በዚያው ጥሪ መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ፦ ቅድሚያ ክፍያ አለ ወይ፣ ቢሰረዝ እስከ መቼ ይመለሳል፣ አነስተኛ የወጪ መጠን ተወስኗል ወይ፣ ጠረጴዛው ለስንት ሰዓት ነው የተሰጠው፣ በሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ አብሮ ይታሰባል ወይ። በአንዳንድ አገሮች ምግብ ቤቶች ከስድስት ወይም ከስምንት ሰው በላይ ለሆነ ቡድን ይህን ክፍያ ራሳቸው ይጨምራሉ፤ ያላወቀ ሰው በላዩ ላይ ሌላ ጉርሻ ይሰጣል። የተስማሙበትን ነገር በጽሑፍ መልእክት ማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስልኩን ያነሣው ሰው በዕለቱ ላይኖር ይችላል።