የዓሣ መራቢያ ወቅት ክልከላ ምንድን ነው?

ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ጊዜና ቦታ መረብ አለመጣል ነው። ጣና ዳር ይህ ሲነሳ ብዙ ሰው ሐይቁ በሙሉ የሚዘጋ ይመስለዋል። ቁልፉ ቦታ ግን ገባር ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚገቡበት አፍ ነው፤ ጊዜውም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት።

ክልከላው በተለይ የሚያስፈልገው ለነጭ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ከ15 በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ። ክረምቱ ሲበረታ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰቡና ድፍርሱን ውኃ ሰንጥቀው ሽቅብ ይጓዛሉ። እንቁላል የሚጥሉት ግን ዋናው ወንዝ ውስጥ አይደለም። እንደ ዱካሊት ባሉ የጉማራ ትንንሽ ገባሮች፣ ጥርት ያለ ውኃ በፍጥነት በሚወርድበት ጠጠር ላይ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መሃል ይቀመጣል፤ ደለል ከተጫነው አየር አጥቶ ይሞታል።

መሃል ሐይቅ ላይ የተጣለ መረብ የሚይዘው ተበትኖ የሚዞረውን ዓሣ ነው። ያው መረብ ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ ላይ ሲዘረጋ ግን ከየአቅጣጫው የመጣውን፣ ገና እንቁላሉን ያልጣለውን ይጠርጋል። የተያዘችውን እንስት ሆዷን በጣት ጫን ቢሏት እንቁላሏ ይፈስሳል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለመራባትም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ የጠፋውን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ የነጭ ዓሣ መጠን 75 በመቶ ያህል ቀንሷል። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ የዓሣ ፈላጊው መብዛትም ጫናውን በዚሁ ወቅት ላይ ይጨምረዋል።

ሌሎቹ የጣና ዓሦች፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ ወንዝ አቋርጠው ርቀው መውጣት አያስፈልጋቸውም። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ የሚያስፈልጋት ጥልቀት የሌለው፣ ደንገልና ሣር ያለበት ዳርቻ ነው። አምባዛ ደግሞ ጎርፍ በሚተኛበት ዳርቻና ሜዳ ይራባል። ለእነዚህ ደንገሉን አለመመንጠር ይበልጥ ይጠቅማል።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 መርዝና ፈንጂ ተጠቅሞ ማስገርን ይከለክላል። በእኛ አካባቢ መርዝ ማለት በአብዛኛው የብርብራ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ገባሩ ላይ በተኛ ውኃ ውስጥ ይበተናል። መረብ ቢያንስ በዓይኑ ልክ ይመርጣል፤ ብርብራ ግን ጫጩቱንም ከትልቁ ጋር ይገድላል። የመረቡ ዓይን የሚለካው ወጥሮ በመያዝ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ትይዩው ድረስ ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነውንና በአንድ ወጥ ፕላስቲክ ክር የተሠራውን ስስ መረብ አለመግዛት ይሻላል፦ ርካሽ ነው፣ ግን ተቆርጦ ቢቀርም አይበሰብስም፣ ባለቤት ሳይኖረውም ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

መረብ መከልከል ብቻውን የማያድነው ጠጠሩን ነው። ለግንባታ ጠጠርና አሸዋ የሚወጣበት ገባር ላይ የሚደርሰው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት አያገኝም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደግሞ ጫጩቱ ገና ወንዙ ውስጥ እያለ ለመስኖ ሞተር ይተከላል፤ ውኃው ሲሳብ ጫጩቱም አብሮ ይሳባል። የመምጠጫውን ቱቦ አፍ በጠባብ ወንፊት መሸፈንና ወንዙ ውስጥ ከቀረው ኩሬ ውኃውን አሟጦ አለመሳብ ይህን በብዙ ይቀንሳል።