ስለ ወይንና ስለ አፈር ፈንገስ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«ፈንገስ ከሆነ የወይን ጠላት ነው።» ሁሉም አይደለም። ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚያለብሰው በሽታ ፈንገስ ነው፤ እሱን መከላከል ተገቢ ነው። ማይኮራይዛ የሚባለው የአፈር ፈንገስ ግን ሌላ ነው። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ከወይኑ ምግብ ያገኛል። በምትኩ እጅግ ቀጫጭን ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ዘርግቶ ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣለታል።

በአሜሪካ ኦሪገን፣ ዊላሜት ሸለቆ ኮረብታዎች ላይ ፒኖ ኗር የሚባለው የወይን ዝርያ የሚተከልበት ቀይ አፈር አለ። በአፈሩ ያለው ብረት ፎስፈረሱን ጠፍሮ ይይዘዋል። ወይኑ ያለ ማይኮራይዛ የሚበቃውን ያህል ማግኘት ይቸግረዋል። የእኛ ደጋ ቀይ አፈርም ፎስፈረስ የመያዝ ጠባይ ስላለው ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

«ገዝተን ካልጨመርን አይኖርም።» ይሄኛው ኪስ የሚጎዳ ስህተት ነው። አብዛኛው የወይን ማሳ የራሱ ማይኮራይዛ አለው። በእሽግ የመጣውን መጨመር ብዙ ጊዜ ለውጥ አያሳይም። የሚጠቅመው በተለይ አፈሩ በኬሚካል ከታጠነ፣ ወይም ችግኙ ተህዋስያን በተገደሉበት አፈር ካደገ ነው። ለማንኛውም ጥቂት ረድፍ ላይ ሞክሩት፤ አጠገቡ ያለውን ሳትነኩ ተዉና አወዳድሩ።

«ሥሩ ላይ ነጭ ክር አየሁ፤ ያዘ ማለት ነው» የሚሉም አሉ። የወይን ማይኮራይዛ በዓይን አይለይም። ሥሩ ላብራቶሪ ውስጥ ታጥቦና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያን ጊዜ በሥሩ ሴሎች ውስጥ ቅርንጫፋቸው የበዛ ጥቃቅን ዛፎች የመሰሉ ነገሮች ብቅ ይላሉ። ምግብ የሚለዋወጡት እዚያ ነው።

«ማዳበሪያ ሲበዛ ሁለቱም ይጠግባሉ።» ተቃራኒው ነው። ፎስፈረስ የተረፈው ወይን ፈንገሱን መቀለብ ይቀንሳል። ስለዚህ ዳፕን የመሰለ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ከመበተን በፊት አፈር ማስመርመር ይቅደም።

«በረድፎቹ መካከል የተዘራ ሁሉ ያግዛል።» ጎመን ዘርና ሰናፍጭ ማይኮራይዛን አያስጠጉም። ገብስና ባቄላ ያስጠጋሉ። ደጋግሞ ማረስ ደግሞ የተዘረጋውን የክር መረብ ይበጣጥሰዋል።

«ትራይኮደርማም ያው ነው።» ይሄ ሌላ ፈንገስ ነው። ወይን ሲገረዝ ቁስሉ ላይ የሚረጭ ዓይነት አለው፤ ግንድ አድራቂዎቹ ፈንገሶች ሳይቀድሙት ቦታውን ይይዛል። ግንዱ ውስጥ የገባን በሽታ ግን አያድንም።