«ፈክ» (fuck፣ በቀጥታ ሲፈታ የሥጋ ግንኙነት ማድረግ) የሚለው የእንግሊዝኛ ስድብ ምንድን ነው? ከየት መጣ?

ኢንተርኔት ላይ ከሚዞሩት መልሶች አንዱ ቃሉ «በንጉሥ ፈቃድ የሚፈጸም ዝሙት» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕገ ወጥ የሥጋ ግንኙነት» ከሚል የክስ ስም ያመጣዋል። ሁለቱም ተረት ናቸው። የመጀመሪያ ፊደላትን ገጣጥሞ እንደ ቃል ማንበብ በእንግሊዝኛ የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ስድቡ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ዘሩ ጀርመናዊ ነው፤ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ደችና ስዊድንኛ ከሚገኙበት የቋንቋ ቤተሰብ ነው። የደች ዘመዱ «ፎከን» ዛሬ ከብት ማራባት ማለት ነው፤ በስዊድንና በኖርዌይ ዘዬዎችም የቅርብ ዘመዶች አሉት። ተመሳሳይ ትርጉም ካለው ከፈረንሳይኛው «ፉትር» ጋር የሚያዛምዱትም አይጠፉም። ፉትር ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ፍ» ሆኖ የሚገኘው ደግሞ የላቲኑ «ፕ» ነው («ፓተር» እና «ፋዘር» እንደሚባሉት)። ስለዚህ ሁለቱም በ«ፍ» መጀመራቸው ዝምድናውን ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም።

በጽሑፍ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1310 በእንግሊዝ የቼስተር ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አንድ ሮጀር «ፈክባይዘናቭል» በሚል ቅጽል ተጽፏል፤ በእምብርት በኩል የሞከረው እንደ ማለት፣ የፌዝ ስም ሳይሆን አይቀርም። ከ1500 በፊት የተጻፈ ላቲንና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ግጥም ደግሞ የካምብሪጅን መነኮሳት ሲያማ፣ መንግሥተ ሰማያት የማይገቡበትን ምክንያት በምስጢር ጽሕፈት አስቀምጦታል፦ በካምብሪጅ አቅራቢያ ካለችው የኢሊ ከተማ ሚስቶች ጋር ይተኛሉ። ቁልፉ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በቀጣዩ ተተክቷል። ኤፍ ጂ ሆኗል፣ ሲ ዲ፣ ኤ ቢ። በዛሬው አልፋቤት ለመፍታት የሚሞክር ግን ሁለተኛው ፊደል (ዩ) ላይ ይሰናከላል፤ ያኔ ዩ እና ቪ አንድ ፊደል ነበሩ፣ ደብልዩም በላቲኑ ተራ ስላልነበረ ቀጣያቸው ኤክስ ነው። ሲፈታ «ፈካንት» ይወጣል። ገጣሚው ብልግናውን እንኳ የላቲን ግስ መድረሻ አልብሶታል!

በ1528 አንድ መነኩሴ የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ የሲሴሮ መጽሐፍ ዳር ላይ አበምኔቱን ሲሰድብ «የተረገመ» የሚለውን በአንድ ፊደል አሳጥሮ፣ ዛሬ ነውር የምንለውን ግን በሙሉ የጻፈ ይመስላል። በዚያ ዘመን የከበደው እርግማኑ ነበርና።

እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቤይሊ በ1721 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገባው፣ ፍቺውን ግን በላቲን ሰጠ። ሌላው እንግሊዛዊ አዘጋጅ ጆንሰን በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ዘለለው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተቀበለው በ1972 በወጣ ተጨማሪ ቅጽ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቃሉን ከብሔራዊ ውትድርና ተቃውሞ ጋር ጃኬቱ ላይ ጽፎ በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ኮሪደር በመታየቱ 30 ቀን እስር የተፈረደበትን ወጣት በ5 ለ4 ድምፅ ነፃ አውጥቷል። ፍርዱ ለሁሉም ቦታ አይሠራም፤ በአሜሪካ የአየር ሞገድ የሚያሰራጩ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጸያፍ ነገር እንዳያስተላልፉ ተከልክለዋል።